ጁሪ የሚቀመጠው መቼ ነው?

በዋሽንግተንና በአካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



በኅዳር 1988 በኦሪገን ክፍለ ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ፣ ሙሉጌታ ሥራው የተባለ የ28 ዓመት ወገናችን መንገድ ላይ በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ተገደለ። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ሙሉጌታ ወደዚህ አገር የመጣው ለመማር ነበር። የገደሉት ነጭ ዘረኛ ወጣቶች ሲሆኑ ሦስቱ ተይዘው ተከሰሱ። ከመካከላችሁ በዕድሜ ጠና ያላችሁት ያን ጊዜ በየቤቱ የነበረውን ሐዘን ታስታውሱታላችሁ።

ሦስቱም ተከሳሾች በጁሪ የመዳኘት ሙሉ መብት ነበራቸው። ነገር ግን የአንዳቸውም ጉዳይ በጁሪ አልተወሰነም። ጥፋታቸውን አመኑ፤ አንዱ በነፍስ ግድያ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ ሁለቱ ከዚያ ዝቅ ባለ የግድያ ወንጀል እስከ 20 ዓመት ተፈረደባቸው። የወንጀሉ መዝገብ በዚሁ ተዘጋ።

በጥቅምት 1990 እዚያው ፖርትላንድ ሌላ ችሎት ተሰየመ። የሟቹ ቤተሰብ ካሊፎርኒያ የሚኖረውን የዘረኞች መሪ ቶም ሜትዝገርንና ልጁን በፍትሐ ብሔር ከሰሷቸው። ክሱ ሰው ልከው የፖርትላንዶቹን ወጣቶች ለዓመፅ አነሣሥተዋል የሚል ነበር። በዚህ ግድያ ሜትዝገርን በወንጀል የከሰሰው ዐቃቤ ሕግ አልነበረም። እሱም ያለ ጠበቃ ቆሞ ራሱ ተከራከረ። በዚህኛው ችሎት ግን የፖርትላንድ ነዋሪዎች በጁሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ምስክሮቹን ሰሙ፤ ገብተው መከሩ፤ ወጥተውም ተከሳሾቹ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንዲከፍሉ ወሰኑ። ሜትዝገር ቤቱን ሳይቀር አጣ።

ሟቹ አንድ፣ ከተማው አንድ ሆኖ ሳለ በወንጀሉ በኩል ጁሪ ቃሉን አልሰጠም፤ በፍትሐ ብሔሩ በኩል ግን ሁሉን የወሰነው ጁሪ ነው። ለምን እንዲህ ሆነ? ብዙዎቻችን ስለ ጁሪ የምናውቀውን ያገኘነው ከፊልም ስለሆነ፣ ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ሁሉ አሥራ ሁለት ሰው ፊት የሚቆም ይመስለናል። በዚህ የተሳሳተ ግምት ምክንያት መብታቸውን ሳያውቁት ያጡ ሰዎች በየቤታችን አሉ። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚህ ነው፤ የጁሪ መብት በአብዛኛው ሰው ሲጠይቀው የሚገኝ፣ ዝም ሲል ደግሞ የሚያልፈው መብት ነው።

እኛ የመጣነው ጁሪ ከሌለበት አገር ነው። በኢትዮጵያ ፍሬ ነገሩንም፣ ሕጉንም፣ ቅጣቱንም የሚወስነው ዳኛ ነው። በጥንቱ የዙፋን ችሎት እንኳ የተሰየሙት ሁሉ ከታናሹ ጀምረው እስከ ታላቁ አስተያየታቸውን ይሰጡ ነበር እንጂ የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ነበር። በአሜሪካ የጁሪ ችሎት ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ዳኛው ሕጉን ይናገራል፣ የትኛው ማስረጃ እንደሚቀርብና እንደማይቀርብ ይወስናል። የተፈጸመው ምንድን ነው? ማንኛው ምስክር ይታመናል? ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም? ይህን የሚወስኑት ከየሰፈሩ የተጠሩ ሰዎች ናቸው። በወንጀል ጉዳይ ጁሪው ተከሳሹን ነጻ ካለው ነገሩ አለቀ፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ሊል አይችልም። በአገራችን ዐቃቤ ሕግ በነጻ መለቀቅ ላይም ይግባኝ እንደሚል የምታውቁ፣ የልዩነቱን ስፋት ከዚህ ትረዳላችሁ።

ከወንጀሉ ልጀምር። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በወንጀል ጉዳይ በጁሪ መዳኘትን ሁለት ቦታ ላይ ይደነግጋል፤ አንዱ በሦስተኛው አንቀጽ፣ ሌላው በ1791 በጸደቀው ስድስተኛው ማሻሻያ። ይሁንና ለረጅም ዘመን ይህ ግዴታ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን እንጂ የክፍለ ግዛቶችን አያስገድድም ነበር። ያን የለወጠው የአንድ ወጣት ጉዳይ ነው፤ ረጋ ብዬ ልንገራችሁ።

ዓመቱ 1966፣ ቦታው ሉዊዚያና ነው። ጋሪ ዳንከን የተባለ የ19 ዓመት ጥቁር ወጣት መኪና እየነዳ ሲሄድ ሁለት የአክስት የአጎት ልጆቹ መንገድ ዳር ከአራት ነጭ ልጆች ጋር ተፋጠው ቆመው ያያል። ዘመዶቹ ቀድሞ የነጮች ብቻ ወደነበረ ትምህርት ቤት ገና የተዛወሩ ነበሩና ነገሩ አላማረውም። መኪናውን አቆመ፤ ወረደ፤ ከነጮቹ ልጆች ጋር ቃል ተለዋወጠ፤ ዘመዶቹንም መኪናው ውስጥ እንዲገቡ ነገራቸው። ከመሄዱ በፊት ግን እጁ የአንዱን ነጭ ልጅ ክርን አገኘው። ነጮቹ ምስክሮች “መታው” አሉ፤ ጥቁሮቹ “ነካው እንጂ አልመታውም” አሉ። ክርክሩ በሙሉ ይኸው ነበር። የማን ቃል ይታመን የሚል ጥያቄ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ነበር ጁሪ የተፈጠረው። ዳንከን ጁሪ ይቀመጥልኝ አለ፤ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ለእንዲህ ያለ ክስ ጁሪ አይፈቅድም ተባለ። ዳኛው ብቻውን ጥፋተኛ ብሎ 60 ቀን እስራትና 150 ዶላር ቅጣት ፈረደበት። ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ ግን ሁለት ዓመት ነበር።

በ1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። በክፍለ ግዛትም ቢሆን ከባድ በሆነ ወንጀል የተከሰሰ ሰው በጁሪ የመዳኘት መብት አለው አለ። ከባድ የሚባለው የትኛው እንደሆነም በ1970 መስመር ተሰመረ፤ ሕጉ ከስድስት ወር በላይ ሊያሳስር የሚችል ከሆነ የጁሪ መብት አለ። በ1989 ደግሞ ስድስት ወር ወይም ከዚያ በታች የሆነው ቀላል ነው ተብሎ እንደሚገመት ተወሰነ። በ1996 የመጣው ውሳኔ ብዙ ሰው አያውቀውም። እያንዳንዳቸው ስድስት ወር የሚያሳስሩ ሁለት ክሶች በአንድ ላይ ቢቀርቡባችሁ፣ አንድ ላይ ተደምረው ዓመት ስለሞሉ ብቻ የጁሪ መብት አይወለድም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የሚታየው ዳኛው በመጨረሻ የሚሰጠው ቅጣት አይደለም፤ ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛው ቅጣት ነው። ዳንከን የተፈረደበት 60 ቀን ነው፤ መብቱን ያስገኘለት ሊፈረድበት ይችል የነበረው ሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ ክስ የደረሰበት ሰው ለጠበቃው የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ “የዚህ ክስ ጣሪያው ስንት ነው?” መሆን አለበት።

ይህ ስድስት ወር የሚሉት መስመር የአገሪቱ ወለል ነው፤ ክፍለ ግዛቶች ከዚያ የተሻለ ሊሰጡ ይችላሉ። እኛ የምንኖርባቸው ሦስቱ ጎረቤታሞች እንኳ አንድ አይደሉም። ሜሪላንድ ውስጥ ዲስትሪክት ኮርት የሚባለው የታችኛው ፍርድ ቤት ጁሪ የለውም፤ ነገር ግን ክሱ ከ90 ቀን በላይ የሚያሳስር ከሆነ ተከሳሹ ጁሪ ብሎ ሲጠይቅ መዝገቡ ከፍ ወዳለው ፍርድ ቤት፣ ወደ ሰርኪዩት ኮርት፣ ይሄድለታል። ቨርጂኒያ ውስጥ ቀላል ወንጀል መጀመሪያ ዳኛ ብቻውን ያየዋል፤ የተፈረደበት ሰው በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካለ ጉዳዩ በሰርኪዩት ኮርት ከሀ ጀምሮ እንደ አዲስ ይታያል፣ እዚያም ጁሪ መጠየቅ ይችላል። አሥሩ ቀን ካለፈ አለፈ። ዲሲ ውስጥ መስመሩ 180 ቀን ነው። በዚህም ምክንያት ጣሪያቸው ልክ 180 ቀን የሆኑ ብዙ ክሶችን ዳኛ ብቻውን ያያቸዋል።

ነገር ግን ዲሲን በተመለከተ በ2018 አንድ ትልቅ ውሳኔ ተሰጥቷል፤ በእኔ እምነት የዲሲ ነዋሪ የሆነ ስደተኛ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ከቡርኪና ፋሶ መጥቶ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው 180 ቀን በሚያሳስር ወንጀል ተከሰሰ። ጁሪ ቢጠይቅ ተከለከለ፤ ዳኛው ብቻውን ፈረደበት። የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሙሉ ችሎቱ ተሰይሞ ጉዳዩን ሲመረምር፣ ለዜጋ 180 ቀን የሆነው ክስ ዜጋ ላልሆነ ሰው ከአገር መባረርን ካስከተለ ቀላል ወንጀል ሊባል አይችልም አለ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ተከሳሽ በስድስተኛው ማሻሻያ መሠረት የጁሪ መብት አለው። ከአገር መባረር ቤተሰብ መበተን፣ የተገነባ ኑሮ መፍረስ መሆኑን እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን፤ ፍርድ ቤቱም ይህን አየ። ውሳኔው ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን አያስገድድም፤ ዲሲ ውስጥ የተከሰሰ ባለ ግሪን ካርድ ግን ለጠበቃው ሊያስታውሰው የሚገባ ነው።

ታዲያ መብቱ ይህን ያህል ከሆነ የጁሪ ችሎት ለምን እንዲህ ብርቅ ሆነ? ምክንያቱ ስምምነት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ በ2012 እንደጠቀሰው፣ በፌዴራል ከሚሰጡ የጥፋተኝነት ውሳኔዎች 97 በመቶው፣ በክፍለ ግዛት 94 በመቶው የሚመጡት ተከሳሹ ራሱ ጥፋቱን ሲያምን ነው። ዐቃቤ ሕግ “አሁን ካመንክ ቀለል ያለ ቅጣት፣ ተከራክረህ ከተሸነፍክ ከባድ” ይለዋል፤ ሰውም ልጆቹንና ሥራውን አስቦ ይፈርማል። የሙሉጌታ ገዳዮችም መንገዳቸው ይኸው ነበር። ማመን ሁልጊዜ ስሕተት ነው አልልም፤ ማስረጃው የከበደበት ሰው በዚህ መንገድ ዓመታት ይተርፉለታል። የሚያንገበግበኝ ሳያውቁ መፈረም ነው። ኬንታኪ ውስጥ አንድ የሆንዱራስ ተወላጅ ነበር፤ ከ40 ዓመት በላይ በሕጋዊ ነዋሪነት የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለ። በከባድ መኪናው ማሪዋና ጭነሃል ተብሎ ሲከሰስ ጠበቃው “ይህን ያህል ዘመን ስለኖርክ ስለ ኢሚግሬሽን አታስብ” አለው። አምኖ ፈረመ፤ የመባረር ጣጣም መጣበት። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ጠበቃ ጥፋትን ማመን የሚያስከትለውን የመባረር አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ሲል የወሰነው በዚህ ሰው ጉዳይ ነው። እንግዲህ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ መልሱን ደግሞ በሚገባችሁ ቋንቋ ስሙት።

ከመነሻው የጁሪ መብት የሌለባቸው ጉዳዮችም አሉ። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች በወጣቶች ፍርድ ቤት ሲቀርቡ በፌዴራል ሕገ መንግሥት የጁሪ መብት የላቸውም፤ ይህ በ1971 ተወስኗል። የተለመደው የትራፊክ ቅጣትም በአብዛኛው ጁሪ የለውም።

አሁን ወደ ፍትሐ ብሔሩ እንሂድ። ሰባተኛው ማሻሻያ ከ20 ዶላር በላይ በሆነ ክርክር የጁሪ መብት ይጠበቃል ይላል። ሃያ ዶላር በ1791 ገንዘብ ነበር፤ ቁጥሩን እስከ ዛሬ የለወጠው የለም። ይህ ማሻሻያ የሚያስገድደው የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ብቻ ነው፤ ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸው ሕገ መንግሥት አላቸው። ለምሳሌ የሜሪላንድ መራጮች በ2022 ባጸደቁት ማሻሻያ፣ የክርክሩ ገንዘብ ከ25,000 ዶላር ካልበለጠ የጁሪ መብቱ በሕግ ሊገደብ ይችላል፤ ቀድሞ 15,000 ነበር።

ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ግን የበለጠ የሚወስነው የምትጠይቁት ነገር ዓይነት ነው። በጥንት እንግሊዝ ሁለት ዓይነት ፍርድ ቤት ነበር፤ ካሳ የሚያስከፍለው ጁሪ ነበረው፣ ትእዛዝና እግድ የሚሰጠው አልነበረውም። አሜሪካ ያን ወርሳለች። መኪና ገጭቶኛልና ካሳ ይከፈለኝ፣ ቀጣሪዬ በዘሬ ምክንያት አባረረኝና ኪሳራዬ ይተካ የሚል ክስ በጁሪ ሊታይ ይችላል። የሙሉጌታ ቤተሰቦች የጠየቁት የገንዘብ ካሳ ስለነበር ጁሪ ተቀመጠላቸው። ፍቺ፣ የልጅ አስተዳደግ፣ እግድ ግን በአብዛኛው ዳኛ ብቻውን ያየዋል። ቴክሳስ በልጅ ጉዳይ ሳይቀር ጁሪ ትፈቅዳለች፤ ይህ የተለየ ነው። የፌዴራል መንግሥትን በቸልተኝነት ስትከሱም ጁሪ የለም፤ የፖስታ ቤት መኪና ገጭቷችሁ ብትከሱ የምትሟገቱት ዳኛ ፊት ብቻ ነው።

የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤትም ጁሪ የለውም። ከአገር ማስወጣት ቅጣት ሳይሆን የፍትሐ ብሔር ሥርዓት ነው ተብሎ በ1893 ከተወሰነ ወዲህ እንደዚያው ቆይቷል፤ ዳኛውም የፍትሕ ሚኒስቴሩ ሠራተኛ ነው። የሰው ዕጣ ፈንታ የሚቆረጥበት ችሎት አንድም ተራ ዜጋ የማይቀመጥበት መሆኑ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ሕጉ ግን ይኸው ነው።

በፍትሐ ብሔር ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሁለት ቦታ አለ። አንደኛው ጊዜ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚመለከተው የመጨረሻው የክስ ወይም የመልስ ጽሑፍ ከደረሰ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ጁሪ እፈልጋለሁ ብሎ በጽሑፍ ያልጠየቀ ሰው መብቱን እንደተወ ይቆጠራል። ሁለተኛው ፊርማ ነው። ስልክ ስትገዙ፣ ሥራ ስትቀጠሩ፣ በስልክ አፕ ታክሲ ለመሥራት ስትመዘገቡ “እስማማለሁ” ብላችሁ የምትጫኑት ውል ውስጥ ክርክር ቢነሣ በግልግል ዳኛ ይታያል የሚል አንቀጽ ብዙ ጊዜ አለ። ያን በተቀበላችሁበት ሰዓት ጁሪውን ትታችኋል። አንዳንዶቹ ውሎች በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካሳወቃችሁ ከግልግሉ እንድትወጡ ይፈቅዳሉ። ያን መስመር ፈልጉት።

ጁሪው ሲቀመጥ ምን ይመስላል? በመጥሪያ የተጠሩት ሰዎች ችሎት ይገባሉ፤ ዳኛውና ጠበቆቹ ይጠይቋቸዋል። ፖሊስ ዘመድ አለህ? ተዘርፈሽ ታውቂያለሽ? ተከሳሹ ባይናገር በዚያ ትጠረጥረዋለህ? አድልዎ የታየበት በምክንያት ይሰናበታል። ከዚያ እያንዳንዱ ወገን ያለ ምክንያት የተወሰኑ ሰዎችን ይመልሳል፤ በፌዴራል ከባድ ወንጀል መንግሥት 6፣ ተከሳሹ 10። ነገር ግን በዘሩ ምክንያት ሰው መመለስ ከ1986 ወዲህ ክልክል ነው። የቀሩት ይምላሉ፤ ይቀመጣሉ፤ ስለ ጉዳዩ ከቤተሰባቸው ጋር እንኳ እንዳያወሩ ይነገራቸዋል። ቁጥራቸው ብዙውን ጊዜ 12 ነው፤ በ1970 ስድስትም ይበቃል ተብሏል፣ በ1978 ግን አምስት አይበቃም ተባለ።

በወንጀል ሁሉም በአንድ ድምፅ ካልተስማሙ ጥፋተኛ ማለት አይችሉም። ይህ በመላ አገሪቱ የጸናው ገና በ2020 ነው። እስከዚያ ድረስ ሉዊዚያናና ኦሪገን አሥር ለሁለት በሆነ ድምፅ ሰው ያስሩ ነበር። የሉዊዚያናው ሥርዓት የመጣው የነጮችን የበላይነት ለማጽናት በተጠራው የ1898 ጉባኤ ነው። ጥቁሮች ጁሪ ውስጥ ቢገቡ እንኳ ድምፃቸው እንዳይሰማ ታስቦ ነበር። የአንድ ሰው “አይደለም” ማለት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ እዩ፤ ሊያጠፉት ሕግ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በፍትሐ ብሔር አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ሙሉ ስምምነት አይጠይቁም፤ ኦሪገን ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ይበቃታል። ማስረጃውም በፍትሐ ብሔር እንደ ወንጀሉ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መሆን አይጠበቅበትም፤ ወደ አንድ ወገን ሚዛን ከደፋ በቂ ነው።

በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ስለሚቀመጡት፣ ማለትም ስለ እናንተ ልናገር። በፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ የሚሆነው 18 ዓመት የሞላው የአሜሪካ ዜጋ፣ በአካባቢው አንድ ዓመት የኖረ፣ ቅጹን ለመሙላት የሚያበቃ እንግሊዝኛ የሚያውቅ፣ በከባድ ወንጀል ያልተፈረደበትና ክስም የሌለበት ሰው ነው። አበሉ በቀን 50 ዶላር ነው፤ አሠሪም በፌዴራል ጁሪ ምክንያት ከሥራ ማባረር አይችልም። ስማችሁ የሚወጣው ከመራጮች መዝገብ፣ በብዙ ቦታም ከመንጃ ፈቃድ ዝርዝር ስለሆነ ዜጋ ላልሆነ ሰውም መጥሪያ ሊደርሰው ይችላል። ዜጋ ያልሆናችሁ፣ መጥሪያውን አትጣሉት፤ “ዜጋ አይደለሁም” ብላችሁ በጊዜው መልሱት። በምንም ምክንያት ዜጋ ነኝ በሚለው ላይ ምልክት አታድርጉ። ከ1996ቱ ሕግ ወዲህ ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት መናገር ከአገር የሚያስባርር፣ መፍትሔውም እጅግ የጠበበ ጥፋት ነው።

ዜጋ የሆናችሁ ደግሞ “እንግሊዝኛዬ አይበቃም” ብላችሁ አትሽሹ፤ ይበቃል አይበቃም የሚለውን ፍርድ ቤቱ ይወስን። የእኛ ልጅ፣ የእኛ ጎረቤት፣ በአነጋገር ቅላፄው የሚጠረጠር አንድ የእኛ ሰው በሚከሰስበት ቀን፣ በወንበሮቹ ላይ እሱን የሚረዳ ሰው እንዲቀመጥ የምንፈልግ ከሆነ እኛ ራሳችን መገኘት አለብን። እባካችሁ፣ መጥሪያው ሲመጣ ቀኑን ያዙና ሂዱ።